ብርሃን የበላው ጨው

ጉለሌ ውስጥ አንድ ሰው ባሕር ማዶ ተምሮ ሲመለስ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ ወይ መኪና ይዞ መምጣት፣ ወይ ፈረንጅ ሚስት። ስብሐት ሁለቱንም ሳይዝ መጣ። ከሌኒንግራድ ይዞት የመጣው አንድ የካርቶን ሻንጣ፣ ለጉለሌ ፀሐይ የማይሆን ባለ ጠጉር ቆብና የዶክትሬት ዲግሪ ነበር። ለመኪናውና ለሚስቱ እንኳ ሰው ይቅር ባለው ነበር። የተማረው ነገር ግን አላስቻለም።

«ስለ ምን አልከኝ?» ይሉታል ጎረቤቶቹ፣ በትክክል የሰሙ ስላልመሰላቸው።

«ስለ ጨው። ማለቴ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ከጨው ገጽ ላይ አተሞች እንዴት እንደሚለቁ።»

«እህ» ይሉና ወደየቤታቸው ይገባሉ። እቤት ገብተው የሚሉትን ለማወቅ ብዙ አልቆየም፤ ስሙ ዶክተር ጨው ሆኖ ቀረ። በዚያ ሰፈር አንዴ የወጣ ስም በመንግሥት አዋጅም አይመለስም።

የምደባ ኮሚቴውም ከጎረቤቶቹ የተሻለ ነገር አላሰበም። ጨው የማዕድን ጉዳይ ነው፣ የንግድ ጉዳይ ነው ወይስ የጤና ጥበቃ በሚለው ላይ ደጋግሞ ተሰብስቦ ሳይስማማ ተበተነ። ፊዚክስ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ አባል አልነበረም። ነገሩ እስኪለይለት ድረስ ከዊንጌት ወዲህ ባለ አንድ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ላኩት፤ ነገሩም እንደ አገሩ ነገር ሁሉ ሳይለይለት ከረመ።

ስብሐት ጨውን የሚያየው ሌላው ሰው በሚያይበት ዓይን አልነበረም። እዚያ በረዶ አገር፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት የብረት ሣጥን ውስጥ ጥፍር የማታክል ንጹሕ የጨው ክሪስታል አስቀምጦ፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ሲያበራባት ዓመታት ኖሯል። ጨው ማለት ሶዲየምና ክሎሪን ተራ በተራ ገብተው፣ ተያይዘው የቆሙበት ሰልፍ ነው። ያ ብርሃን ሰልፉን ሲነካው ጉልበቱ እዚያው ውስጥ ይታመቃል። የታመቀው ጉልበት ወደ ገጹ ሲደርስ አንዱን የክሎሪን አተም ከረድፉ ይፈነቅልና፣ ቆሎ ከምጣድ ላይ እንደሚፈናጠር፣ ወደ ባዶው ይወረውረዋል። አንዳንዱ እንዲሁ አተም ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ፣ አዮን ሆኖ ይወጣል። ይህን ማንም በዓይኑ አያይም። የሚታየው ከሣጥኑ ማዶ ባለ መሣሪያ ላይ የምትንቀሳቀስ ቀጭን መርፌ ናት።

አንድ የክረምት ረፋድ መርፌዋ ተነሣች። ስብሐት መብራቱን አጠፋ፤ መርፌዋ ተኛች። መልሶ አበራ፤ ተነሣች። እግዚአብሔር የለም በሚባልበት አገር ተቀምጦ፣ ይህቺን ነገር ከእግዚአብሔርና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ አሰበ። እውነቱን ነበር። መምህሩም መጥተው አዩ፤ አበሩ፣ አጠፉ፣ ጨበጡት። ስብሐት ጉረኛ ነው፣ ልብስ ማስተኮስ ያበዛል፣ ሰው «ዶክተር» ሳይለው ካለፈ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። መርፌዋ መነሣቷም እውነት ነው።

ይህን ታሪክ ሳያዛጉ የሚሰሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እትዬ ማሚቴ። እናቱ ወይዘሮ ወለተማርያም እሱ እዚያ እያለ አርፈዋል። ቀበሌው «ባለቤት የሌለው ቤት» ብሎ ሊረከብ ሲመጣ፣ ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ ማሚቴ የራሳቸውን ፍራሽ ጎትተው እናቱ ቤት ውስጥ አነጠፉ። ቤት ቆጣሪ በመጣ ቁጥር «ባለቤቱ በመንግሥት ተልእኮ ላይ ነው» እያሉ መለሱት። ስብሐትን በሕፃንነቱ ያዘሉት እሳቸው ናቸው፤ ተማሪ ቤት ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሲቋቋም ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ለዕቃ ቤቱ የመረጠውም እሳቸውን ነበር፤ አጭበርባሪ በበዛበት ዘመን አንድ የማይሰርቅ ሰው ለመቀለጃም ቢሆን ያስፈልጋል።

«እና ያቺ መርፌ ተነሣች?» ይሉታል ስብሐት በተረከላቸው ቁጥር።

«ተነሣች፣ እትዬ።»

«አንተ ነህ ያስነሣሃት?»

«ብርሃኑ ነው እንጂ።»

«ብርሃኑን ያበራኸው አንተ አይደለህ? በል ተወው፣ ያንተ ሥራ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ሳይንስ እትዬ ማሚቴ የገባቸው መርፌዋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ግን ስብሐት አየሁ ካለ አይቷል። በሰፈሩ እየዞሩ ልጄ ማንም ያላየውን አየ እያሉ ያወሩ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይገዙ ከአብዮቱ በፊት የዕድር ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ጥሩምባውን በድምፅ ማጉያ ለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ ሰው መጥራት፣ የቀረውን መቅጣት። ልዩነቱ ድሮ የሚጠራው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነበር። ከካድሬ ትምህርት ቤት አንድ ሕግ ሸምድዶ ተመልሷል፦ መጠናዊ ለውጥ ሲጠራቀም ዓይነታዊ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ ቢመጣ፣ አውቶቡስ ቢዘገይ፣ ሚስቱ መንታ ብትወልድ የሚያስረዳው በዚሁ ሕግ ነው።

በዚያ ዓመት ጨው ከከተማው ጠፋ። ምክንያቱን የሚያውቁት አይናገሩም፣ የሚናገሩት አያውቁም። ኅብረት ሱቁ የሚያድለውን ጨው ለማግኘት እሁድ እሁድ በሚደረገው የንቃት ስብሰባ ላይ መገኘት ግዴታ ሆነ። የጉለሌ ሰው ስለ ማርክስ ትርፍ እሴት እንደዚያን ጊዜ ጠንቅቆ ያወቀበት ዘመን የለም፤ ወጡ አልጫ እንዳይሆንበት ሲል ተማረ።

ሰኔ ላይ ጓድ ይገዙ ርእስ አለቀበት። ሕዝቡ ቀን ከሌት የሚያስበው ስለ ጨው ከሆነ፣ ቀበሌው ደግሞ የጨው ዶክተር ካለው፣ ለምን ሳይንሳዊ ትምህርት አይሰጥም ብሎ ስብሐትን አስጠራ። ስብሐት በደስታ እግሩ መሬት አልነካ አለ። ልብሱን አስተኮሰ፣ ሰሌዳ አስመጣ፣ በባለ ቀለም ጠመኔ ክሪስታል ሣለ።

አጀማመሩ ደህና ነበር። አየሩ ስለ ተመጠጠበት ሣጥን ማስረዳት ሲጀምር ግን ፊት ለፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ሠርካዲስ አዛጉ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ከእንጦጦ እንጨት አስወርደው የሚሸጡ፣ ድካማቸውን የማይደብቁ ሴት ናቸው፤ ማዛጋታቸው ከረድፍ ረድፍ እየተላለፈ አዳራሹን ያዘው። ስብሐት ደነገጠ። ሣጥኑን ተወው። መብራቱ ተራ መብራት እንዳልሆነ፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ይህን ማድረግ እንደማይችል፣ የሚለቀውም ጨው ለዓይን ቀርቶ ለሚዛንም የማይገኝ እንደሆነ ሊናገር ያሰበውን ሁሉ ዘለለ።

«ጓዶች» አለ፣ «ብርሃን ጨው ላይ ሲያርፍ ጨው አተም በአተም እየለቀቀ ይሄዳል።»

አዳራሹ ነቃ። ያን ጊዜ ጨው የሚባል ቃል የሞተ ያስነሣ ነበር። ጓድ ይገዙ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ እሱ ሲያጨበጭብ ደግሞ የማያጨበጭብ የለም። ስብሐት ሌኒንግራድ ውስጥ እንኳ እንዲያ አልተጨበጨበለትም። ያን ቀን ዶክተር ጨው ብለው ሲጠሩት አላኮረፈም።

ክረምቱ ገባ። ጨው ክረምት ላይ እርጥበት ይስባል፤ ጆንያው ይረጥባል፣ ታችኛው እየሟሟ ወለሉ ላይ ይፈሳል። እትዬ ማሚቴ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር የዕቃ ቤቱን መስኮት ይከፍቱ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ባለሙያ ሴት የምታደርገው ይህንኑ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ከጨው ክምሩ አብዛኛው የለም። በሩ አልተሰበረም፣ የመስኮቱ ብረት አልተነካም። የበሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከእትዬ ማሚቴ መቀነት ላይ፣ ሁለተኛው ከጓድ ይገዙ ወገብ ላይ አይወርድም።

ያን ሰሞን ሸጎሌ የከብት ገበያ ላይ ጨው ያለ ሰልፍና ያለ ንቃት ይቸበቸብ ነበር። የጓድ ይገዙ አማች ደግሞ ከብት ነጋዴ ነው። ከብቱ ጨው እየላሰ ሰፊው ሕዝብ አልጫ ይበላ ነበር ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በቀበሌው ውስጥ አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ሁሉም አፉን ዘጋ።

ምስኪኗ ሴት ሮጠው የነገሩት ለማን ነው? ለጓድ ይገዙ። ጓድ ይገዙ መጥቶ ዕቃ ቤቱን ዞረው። ምን ብሎ እንደሚያስተባብል ገና አላሰበም ነበርና ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ከዚያ የተከፈተውን መስኮት አየ። በመስኮቱ ገብታ የቀረው ጨው ላይ የተኛችውን ፀሐይ አየ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣ እንዳይረጥብ ብዬ።»

«ብርሃን ጨው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርገው በስብሰባ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው እያወቅሽ ነው የከፈትሽው» አለ ጓድ ይገዙ፣ እናቱን የሚያህሉትን ሴት አንቺ እያለ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዷቸው።

ስብሐት ወሬውን የሰማው ትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው የክረምት ትምህርት ሲመለስ ነው። ልብስ እንኳ ሳይለውጥ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሮጠ። ጓድ ይገዙ እንደ ወንድም ተቀበለው።

«ቁጭ በል፣ ጓድ ዶክተር። ያንተ ሳይንስ ባይኖር ይህን አሻጥር ማን ይደርስበት ነበር?»

«ጓድ ይገዙ፣ ስሕተት ተፈጥሯል። እኔ የተናገርኩት ስለ መስኮት ብርሃን አይደለም። እ... ማለቴ፣ አየር በሌለበት ሣጥን ውስጥ ነው፤ መብራቱም ሌላ ነው። ደግሞ የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። ቁንጣሪ ጨው ለመጨረስ የሰው ዕድሜ አይበቃም።»

«አንድ አተም ይለቃል ወይስ አይለቅም?»

«ይለቃል፣ ግን...»

«ሁለተኛውስ?»

«ይለቃል።»

«ይኸው ነው» አለ ጓድ ይገዙ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየለጠጠ። «አንድ ሲባል፣ ሁለት ሲባል፣ መጠናዊ ለውጥ ይጠራቀማል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዓይነታዊ ለውጥ ይመጣል፤ ጨው የነበረበት ቦታ ጨው የለም። ይህን ማርክስ ጨርሶታል፣ አንተ ደግሞ በላብራቶሪ አረጋገጥክ።»

ስብሐት በሳይንስ ላይ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ተዘጋጅቶበት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ግን ሌኒንግራድ ውስጥም የጠየቀው አልነበረም።

«ቁልፉ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቁልፉ ሁለት ነው አይደል?»

ጓድ ይገዙ አልተቆጣም። ወረቀት እንዳይበር ብሎ የጫነውን ሽጉጥ አንሥቶ ሌላ ወረቀት ላይ አስቀመጠው። «እሱን እንተወውና ስላንተ እናውራ። የምደባ ኮሚቴው ስለ አቋምህ ጠይቆኛል። የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ሊወስድህ ይፈልጋል አሉ፤ ያ የምታወራለት ሣጥን ሊመጣ ነው። ጥሩ ቃል እንዳልጽፍልህ ምን ይከለክለኛል? ብቻ እሁድ ሕዝቡ ፊት መስክር። ብርሃን ጨው ይወስዳል ካልክ መስኮት የከፈተችው ሴትዮ አሻጥረኛ ናት። አይወስድም ካልክ አዳራሼ ውስጥ ሰፊውን ሕዝብ ዋሽተሃል። ይወስዳል፣ ግን... የሚባል ሦስተኛ መስመር የለም። ሦስተኛ መስመር የአድርባዮች ነው።»

ስብሐት ከዚያ ሲወጣ ስለ ላብራቶሪው አላሰበም ቢባል ውሸት ነው። አስቧል። ሣጥኑን፣ መብራቱን፣ መርፌዋን አስቧል። በማሰቡም አፍሯል፤ ይህን ያህል ይታሰብለት።

የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የአንድ ባላባት የፈረስ ጋጣ ነበር። በማግስቱ ስብሐት ስንቅ ይዞ ሄደ። እትዬ ማሚቴ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ዘበኛው ጆሮውን አቁሞ ከጎናቸው ቆሟል።

«ስብሐት፣ ልጄ፣ እውነት ብርሃኑ በላው እንዴ?»

«እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«ሌባ ነሽ ቢሉኝ እሞግታለሁ። ሌባ አይደለሁማ። ግን መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንተ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አጨብጭቤያለሁ። ሰምቼ መክፈቴ ምን ዓይነት ድንቁርና ነው?» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «እሁድ ጥፋቴን አምናለሁ። ካመንኩ ይምሩኛል ብለውኛል።»

«እኔ ያየሁት እኮ በሣጥን ውስጥ ነው። አየር በሌለበት...»

«አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው በቃ» አሉ እትዬ ማሚቴ። «አንተ ካየህ አይተሃል።»

ስብሐት ስንቁን አቀብሏቸው ተመለሰ። እሁድ ጥፋተኛ ነኝ ካሉ ነገሩ በኢኮኖሚ አሻጥር ከቀበሌው በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል፤ ከከፍተኛው ወደ ልዩ ፍርድ ቤት። ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመድ ስንቅ ይዞ ሲሄድ «መልሰው፣ አያስፈልገውም» የሚባልበት በር ነው። ሴትየዋን ወደዚያ በር የሚገፋቸው ደግሞ የጓድ ይገዙ ሌብነት ብቻ አይደለም፤ በስብሐት ላይ ያላቸው እምነት ነው። ስለ ሣጥኑና ስለ መብራቱ ባስረዳቸው ቁጥር መርፌዋ ትነሣለች፤ መርፌዋ በተነሣች ቁጥር እሳቸው ጥፋታቸውን ይበልጥ ያምናሉ።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። በዚያ ቀን ከከፍተኛው ጓድ ፀሐዬ የሚባል ባለ መነጽር ወጣት ካድሬ ተልኮ መጥቶ ነበር። ጓድ ፀሐዬ በዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚወደው ነገር ግለሂስ ነው። ሌላው ሰው ዘፈን እንደሚወድ እሱ ሰው ቆሞ ጥፋቱን ሲናገር ማየት ይወዳል። በሄደበት ቀበሌ ሁሉ አንድ ጥሩ ግለሂስ ካልሰማ ስብሰባው ተሳካ አይልም።

ጓድ ይገዙ በድምፅ ማጉያው ክሱን አሰማ፤ መጠናዊውን ለውጥ አብራራ፤ ዓይነታዊውን አስከተለ።

«ጆንያውንስ?» አለ አንድ የሴት ድምፅ ከኋላ። «ጆንያውንም ብርሃን ነው የበላው?»

«ማን ነው የተናገረው?» አለ ጓድ ይገዙ።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ጣራውን ይመለከቱ ነበር።

«ጓድ ዶክተር ስብሐት ይመስክር። ብርሃን ጨው ይወስዳል ወይስ አይወስድም? በአጭሩ» አለ ጓድ ይገዙ።

ስብሐት ተነሣ። እትዬ ማሚቴ በሁለት ጠመንጃ መካከል ተቀምጠው ያዩታል፤ እንዲያ ሆነውም እንኳ ሕዝብ ፊት ሲቆም በኩራት ነው የሚያዩት። «ጓዶች፣ ነገሩ...» ብሎ ጀመረ። «ግን» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ጓድ ይገዙ ጣቱን አነሣ። ያኔ የስብሐት ዓይን የጓድ ፀሐዬ መነጽር ላይ አረፈ፤ ወጣቱ እርሳሱን ይዞ፣ እንደ ራበው ሰው አፍ አፉን ያየዋል። ስብሐት ምን እንደሚደረግ በዚያች ቅጽበት ገባው።

«ጓዶች» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ግለሂስ ማድረግ እፈልጋለሁ።»

ጓድ ፀሐዬ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ የንዑስ ከበርቴ ጉራ ያሳወረኝ ሰው ነኝ። ለጭብጨባ ስል ሰፊውን ሕዝብ ዋሽቻለሁ። ብርሃን ከጨው ላይ አንዲት አተም አይወስድም። ወስዶም አያውቅም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጓድ ይገዙ ማጉያውን ቢያነሣም ጓድ ፀሐዬ በእጁ ዝም አሰኘው። «ጓዱ ይጨርስ» አለ፣ ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «ግን ዲግሪህን የሰጠችህ ታላቋ ሶቪየት ኅብረት ናት። እሷ ተሳሳተች እያልክ ነው?»

ስብሐት ይህን አላሰበበትም ነበር። መምህሩ አብርተው አጥፍተው የጨበጡበት እጅ ትዝ አለው።

«መምህሬ ሊያርሙኝ ሞክረው ነበር» አለ። «መርፌዋ አልተነሣችም ብለውኝ ነበር። ተነሥታለች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወዳጅ አገር አመነችኝ፣ እኔ ግን አታለልኳት። መርፌዋ ተኝታ ነበር። ሁልጊዜም ተኝታ ነበር።»

አንድ ሰው እድሜ ልኩን ሲጎርር ኖሮ ሊጎርርበት የሚገባውን አንድ ነገር ብቻ መርጦ ሲክድ ማየት ደስ አይልም። ድምፁ ሲሰበር ጓድ ፀሐዬ የጸጸት መሰለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተነሥቶ አጨበጨበ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጓድ ይገዙም አጨበጨበ፣ ምን ያድርግ።

«እንግዲህ ብርሃን ነጻ ነው» አለ ጓድ ፀሐዬ፣ መነጽሩን እየወለወለ። «ሴትየዋም መስኮት ከመክፈት በቀር ያደረጉት የለም። ይፈቱ። ታዲያ ጨውን ማን ወሰደው?»

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወለሉን ማየት ጀመረ። የጓድ ይገዙ እጅ ሳያስበው ወገቡ ላይ ያለውን ቁልፍ ሸፈነ።

«አይጥ ነው» አለ።

«አይጥ ጨው ይበላል?»

«ሲርበው ይበላል» አለ ጓድ ይገዙ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወንበሮች በድል አድራጊነት ተመለከተ። «ጆንያም ይበላል።»

በዚህ ላይ የአቋም መግለጫ ወጣ፤ በአይጥ ላይ ዘመቻ ታወጀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ጉለሌ ላይ ግን የበላው ሌላ፣ የተመታችው አይጧ ሆነች። ቢያንስ የተመታው ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ጓድ ፀሐዬ ስብሐትን አልረሳውም። እንዲህ ያለ ግለሂስ በአንድ ቀበሌ መቅረት የለበትም ብሎ፣ በከፍተኛው ሥር ባሉ ቀበሌዎች ሁሉ እየዞረ እንዲደግመው አዘዘ። ስብሐት እሁድ እሁድ ልብሱን አስተኩሶ ይሄዳል፤ መርፌዋ አልተነሣችም ይላል፤ ይጨበጨብለታል። እየደጋገመ ሲመጣ አነጋገሩ ተዋጣለት፤ ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ እንኳ ለየ። የምደባ ኮሚቴውም ወሬው ደረሰው። ጨው የማን ጉዳይ እንደሆነ ተጨንቆ የነበረው ኮሚቴ አሁን ጭንቀቱ ለቀቀው፤ የማንም አይደለም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። የላብራቶሪው ቦታ ስብሰባ ላይ በደንብ ለሚያጨበጭብ ሌላ ሰው ተሰጠ። የተማሪዎቹም ነገር ነበር። ብርሃን የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ከኋላ ሳቅ ይነሣል።

እትዬ ማሚቴ ከተፈቱ ወዲህ ብዙ አላነጋገሩትም ነበር። ያው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ በግድግዳው በኩል ሲስሉ ይሰማል። ስብሐት እስሩ አድክሟቸው ነው ብሎ አሰበ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለልቅሶ እንደሚገባ ሰው በሩን ቀስ ብለው ከፍተው ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ስብሐት።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ያን ሁሉ ዓመት?»

ስብሐት ያርመው የነበረውን የተማሪ ደብተር ዘጋ።

«በዚያ ብርድ፣ የመንግሥት እንጀራ እየበላህ? እኔ እዚህ ፍራሼን አንጥፌ፣ ልጄ ማንም ያላየውን አየ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ? አሁን ቧንቧ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ያቺ መርፌሽ እንዴት ናት የሚሉኝም አሉ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደግሞ በእኔ። መስኮቱን ከፍቼ ሰው ያስራብኩ መስሎኝ ስንት አለቀስኩ። ጥፋተኛ ነኝ ልል ተዘጋጅቼ ነበር እኮ። ለውሸት።»

ስብሐት እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ሊላቸው የፈለገው አጭር ነበር፤ እትዬ፣ ተነሥታለች። ግን እትዬ ማሚቴን ያውቃቸዋል። ይህን ቢሰሙ ስሙን ሊያጸዱለት ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ወደ ቧንቧው ይሮጣሉ፤ ልጄ አልዋሸም፣ እኔን ለማስፈታት ነው ይላሉ፤ ሳይመሽ ጓድ ይገዙ ይሰማል። ብርሃን ጨው ይወስዳል ከተባለ ደግሞ መስኮቱን የከፈቱት ያው እሳቸው ናቸው። አፉን መልሶ ዘጋው።

«እናትህ እንኳን ይህን ሳታይ ሞተች» አሉ እትዬ ማሚቴ።

ያኔ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። እትዬ ማሚቴ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ፤ ጨካኝ ሴት አይደሉም።

«በል ተነሥ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ። ብቻ ልጄ፣ ከእንግዲህ ያላየኸውን አየሁ አትበል።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ስብሐት።